ቤላ ሉጎሲን የጣለው ምንድን ነው? ስለ ድራኩላው ተዋናይ የሥራ ዘመን

መጋረጃ፦

ስለ ጥንት አስፈሪ ፊልሞች በተነጋገርን ቁጥር ስለ ቤላ ሉጎሲ የሚነገረው ታሪክ አንድ ነው። ደም መጣጩን ቫምፓየር ኮንት ድራኩላን ተጫውቶ ገነነ፤ በትዕቢቱ የፍራንከንስታይንን ጭራቅ አልጫወትም አለ፤ ቦሪስ ካርሎፍ ዕድሉን ወሰደበት፤ በመጨረሻም በሱስ ተጠምዶ በርካሽ ፊልም አለቀ። ይህ አተራረክ ለጨዋታ ይመቻል እንጂ የሰውየውን የሥራ ዘመን አያስረዳም ባይ ነኝ፤ ለዚህም ነው ርዕሱን ለብቻው የከፈትኩት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው በ1882 ያኔ በሃንጋሪ ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በሮማኒያ በምትገኘው ሉጎስ ከተማ ሲወለድ ስሙ ቤላ ብላሽኮ ነበር፤ የመድረክ ስሙን ያወጣው ከትውልድ ከተማው ነው። በቡዳፔስት ብሔራዊ ቴአትር ሲሠራ ቆይቶ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በኦስትሮ-ሃንጋሪ ጦር በእግረኛ መኮንንነት ዘመተ፤ ቆሰለም። በ1919 የኮሙኒስቱ የቤላ ኩን መንግሥት በሃንጋሪ ለጥቂት ወራት ሥልጣን ሲይዝ የተዋንያንን ማኅበር ካደራጁት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ መንግሥቱ ሲወድቅ ግን ያው ተሳትፎው ስላስጠየቀው ወደ ቪየና፣ ከዚያም ወደ በርሊን ሸሸ፤ በ1920 መጨረሻ አሜሪካ ገባ። እዚያም ቢሆን የማኅበር ነገር አልለቀቀውም፤ በ1933 የሆሊውድ ተዋንያን የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ከቀደምት አባላቱ አንዱ ነበር።

በ1922 ኒው ዮርክ ውስጥ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ሚናውን ሲጫወት ቋንቋውን ገና ስላልቻለ ቃለ ተውኔቱን ያጠናው በድምፁ ነው። በ1927 ጥቅምት ወር በብሮድዌይ ፉልተን ቴአትር የተከፈተው ድራኩላ 261 ጊዜ ታየ። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ተውኔቱን ወደ ፊልም ለመለወጥ ሲነሣ ታዲያ በመድረክ ላይ ሚናውን ያገነነውን ሰው ቀድሞ አላሰበውም። የድምፅ አልባ ፊልሞች ዝነኛ ተዋናይ ሎን ቼኒ ታስቦ ነበር፤ እሱ በ1930 ነሐሴ ሞተ፤ ሌሎችም ታጩ። ሉጎሲ ሚናውን ያገኘው በሳምንት 500 ዶላር፣ ለሰባት ሳምንት በጠቅላላው 3,500 ዶላር ለመቀበል ተስማምቶ ነው። ፊልሙ በ1931 የካቲት ወጥቶ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስቱዲዮውን ካሳ፤ ሉጎሲ ግን በ1932 ጥቅምት ኪሳራ አወጀ።

ጭቅጭቁ መጀመር ያለበት ከዚህች ዓመት ተኩል ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው በዝናው ጫፍ ላይ እያለ ባዶ እጁን የቀረው ለምንድን ነው? የፍራንከንስታይን ወሬ ይህን ጥያቄ ይሸፍንብናል።

---

የኋላ ወንበር፦

ወንድም መጋረጃ፣ ታሪኩን በሚገባ ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ ስቱዲዮው ላይ መጫን ከበፊቱ ወሬ ያላነሰ ማቅለል ሆኖ ታየኝ። በዚያው ስቱዲዮ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዓይነት ፊልም ሌላ ሰው ገንኗል። ቦሪስ ካርሎፍም አስፈሪ ተብሎ ታትሞበታል፤ እሱም የተዋንያኑን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ እሱም ወጣት አልነበረም። ይሁን እንጂ በ1969 እስኪሞት ድረስ ሥራ ጠፍቶበት አያውቅም ማለት ይቻላል። ልዩነቱን ስቱዲዮው ብቻ ካመጣው ሁለቱም እኩል መውደቅ ነበረባቸው።

እኔ የማየው ሉጎሲ የራሱን ዋጋ እንዴት እንደሰበረ ነው። ከድራኩላ በኋላ በዓመቱ «ዋይት ዞምቢ» የተባለውን ፊልም በጣም በአነስተኛ ክፍያ ተቀበለ፤ ከዚያም ተከታታይ ፊልምም ይሁን ስሙ የማይታወቅ አነስተኛ ኩባንያ ሥራ፣ የመጣለትን አይመልስም ነበር። አንድ አሠሪ በርካሽ እንደሠራህ ካወቀ ቀጣዩም በዚያው ዋጋ ይጠብቅሃል። በሌላ በኩል የኑሮው ወጪ ከገቢው ይበልጥ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ይስማማሉ።

ስለ ፍራንከንስታይን እምቢታም ቢሆን «ወሬ» ብለው ማለፍዎ አላሳመነኝም። ሜካፕ የሚሸፍነውን፣ ንግግር የሌለውን ሚና እንደናቀ እሱ ራሱ ሲናገር ኖሯል።

---

መጋረጃ፦

ሲናገር መኖሩ እውነት ነው፤ ግን ማን የተነጠቀውን ሚና «ተነጠቅሁ» ብሎ ያወራል? በሰነድ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ የተሰጠው ለአዘጋጁ ሮበርት ፍሎሬ ነበር፤ ሉጎሲም ለጭራቁ ሚና ታስቦ የሙከራ ቀረጻ ተደረገ። ቀጥሎ ጄምስ ዌል የተባለው እንግሊዛዊ አዘጋጅ ፊልሙን ሲወስድ ፍሎሬም ሉጎሲም አብረው ወጡ፤ ሁለቱም ወደ ሌላ ፊልም ተዛወሩ። እምቢ ማለቱ ባይካድም ብቻውን ውሳኔውን አላመጣም። ዌል የራሱን ሰው መርጧል።

ስለ ካርሎፍ ያነሡት ንጽጽር ግን ጠንካራ ነው፤ ስለሱ የሚያውቅ ሰው እንዲጨምርበት እተወዋለሁ።

---

ሰብለ ዘቴአትር፦

እኔ በተውኔት ሙያ ያለሁ ስለሆንኩ ስለ ደሞዙ ከመነጋገራችን በፊት ሰውየው በካሜራ ፊት ምን ይሠራ እንደነበር ብናይ ደስ ይለኛል፤ የወደቀበት ምክንያት ከትወናው የተለየ አይመስለኝምና።

በ1931ዱ ድራኩላ የምወዳት አንዲት ቅጽበት አለች። እንግዳው ወደ ቤተ መንግሥቱ ደርሶ ባለቤቱን ተከትሎ ደረጃውን ሲወጣ፣ ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ትልቅ የሸረሪት ድር ይታያል። ኮንቱ ከድሩ ወዲያ ማዶ ቆሟል፤ ድሩ ግን አልተበጠሰም። እንዴት እንዳለፈ አናይም። እንግዳው ለማለፍ በዱላው መቅደድ ይኖርበታል። በዚህ ቦታ ሉጎሲ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ቆሞ መጠበቅና በትሕትና ፈገግ ማለት ብቻ ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ የሾለ ጥርስ አይታይም፤ ከመክፈቻውና ከኦፔራ ቤቱ ትዕይንት በቀር ሙዚቃም የለም ማለት ይቻላል። ሙሉ ፍርሃቱን የተሸከሙት የሰውየው ድምፅ፣ እጁና ዓይኑ ናቸው። ለዓይኑ የካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ ትንንሽ መብራቶችን አነጣጥሮበታል፤ ፊቱ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ዓይኑ ብቻ የሚበራው በዚህ ዘዴ ነው።

ድምፁን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያላግጥበት ያ ዘገምተኛ አነጋገር በመድረክ የተገራ ነው። በአገሩ ቴአትር ያደገ ተዋናይ እያንዳንዱን ቃል እስከ ኋለኛው መቀመጫ ማድረስ አለበት፤ ቋንቋው የተውሶ ሲሆን ደግሞ ቃል ከቃል መካከል ያለው ዝምታ ይረዝማል። ሉጎሲ ያንን ዝምታ ለቫምፓየሩ ጠባይ አዋለው። ሊናገር የማይገባውን ነገር እያወቀ ቃሉን የሚመርጥ መስፍን ይመስላል። የሚያሳዝነው፣ ይህ ስልት ለአንድ ሚና ልክ ሆኖ ሳለ ለተራ የባንክ ሠራተኛ ወይም ለጎረቤት ሚና ሊሆን አለመቻሉ ነው። ካርሎፍ እንግሊዛዊ ስለነበር ጭራቁን አውልቆ ዳኛም ሐኪምም መሆን ይችላል። ሉጎሲ ካባውን ቢያወልቅም ድምፁ አብሮት ነው።

ወንድም የኋላ ወንበር፣ የጠየቁት ልዩነት በከፊል እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ከዚህ ሌላ ምን መሥራት እንደሚችል ለማየት የፈለገ ሰው በ1934 ኤድጋር ኡልመር ያዘጋጀውን «ዘ ብላክ ካት» ይመልከት። ሉጎሲ በዚያ ፊልም ከዓመታት የጦር ምርኮ በኋላ ሚስቱንና ልጁን ሊፈልግ የተመለሰ ሃንጋሪያዊ ሐኪም ነው፤ በደል የደረሰበት ሰው ነው። ጦርነቱን ራሱ ያየ ተዋናይ ስለ ሞቱት ጓዶቹ ሲናገር ማጋነን አያስፈልገውም፤ አያጋንንምም። ስሙ ግን በፖስተሩ ላይ ከካርሎፍ በታች ነው፤ ካርሎፍ የመጀመሪያ ስም እንኳ ሳያስፈልገው «ካርሎፍ» ተብሎ ብቻውን ተጽፏል።

---

ሚኪ ፒያሳ፦

ጥሩ ውይይት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እጁን ወደፊት ዘርግቶ የሚሄደው የፍራንከንስታይን ጭራቅ የካርሎፍ ነው ወይስ የሉጎሲ? በልጅነታችን ሁላችንም ስንጫወት እንደዚያ ነበር የምንሄደው።

---

ሰብለ ዘቴአትር፦

የሉጎሲ ነው፤ ታሪኩም ያስቆጫል። በ1931 ያመለጠውን ሚና በ1943 «ፍራንከንስታይን ሚትስ ዘ ዎልፍ ማን» በተባለው ፊልም ተጫወተው፤ ያኔ ዕድሜው 60 ደርሶ ስለነበር አስቸጋሪዎቹን ትዕይንቶች ተተኪዎች ሠርተውለታል። በድርሰቱ መሠረት ጭራቁ ዓይነ ስውር ነው፤ ይናገራልም። ሉጎሲ እጁን ዘርግቶ እየዳሰሰ የሚራመደው ለዚህ ነው። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ግን ንግግሩ በሃንጋሪ ቅላጼ ያስቃል ተብሎ የጭራቁ ቃል በሙሉ ተቆረጠ፤ ዓይነ ስውርነቱን የሚገልጹት ቦታዎችም አብረው ሄዱ። ተመልካች ያየው ያለ ምክንያት እጁን ዘርግቶ የሚደናበር፣ አፉን ከፍቶ ድምፅ የማያወጣ ተዋናይ ነው። ተቺዎች በትወናው ሳቁ። አንተና ጓደኞችህ ስትጫወቱት የነበረው እንግዲህ ያን የተቆረጠ ሚና ነው።

---

የኋላ ወንበር፦

እኅት ሰብለ፣ የቅላጼው ነገር ገብቶኛል፤ ከድምፁ መሸሽ አይችልም ማለት ግን በትክክል እኔ የምለው አይደለም? ገበያው የሚፈልገውን አንድ ነገር ብቻ የያዘ ሰው ያንን ነገር በጥንቃቄ መሸጥ አለበት። እሱ ግን በአርባዎቹ መጀመሪያ ለሞኖግራም፣ ያም ማለት በሆሊውድ ለድሃ ፊልም መጠሪያ ለሆነው ኩባንያ፣ ዘጠኝ ፊልም ሠርቷል።

---

መጋረጃ፦

ጥንቃቄ የሚያደርገው ምርጫ ያለው ሰው ነው። በ1936 የዩኒቨርሳል መሥራቾች የላምሌ ቤተሰብ ኩባንያውን አጡ፤ አዲሶቹ ባለቤቶች አስፈሪ ፊልም መሥራት አቆሙ። እንግሊዝም በእንዲህ ዓይነት ፊልሞች ላይ ጠበቅ ያለ የዕድሜ ገደብ ስላደረገች የውጭው ገበያ ጠበበ። ካርሎፍ ሌላ ሚና ስለሚሰጠው ያንን ጊዜ ተሻገረ፤ ሉጎሲ ግን ለሁለት ዓመት ያህል ሥራ አጥቶ ቤቱን ተነጠቀ፤ በ1938 ጥር ልጁ ሲወለድም የወሊዱን ወጪ የሸፈነው የፊልም ሠራተኞች የመረዳጃ ድርጅት ነው።

ከዚህ ያወጣው ስቱዲዮ ሳይሆን ተመልካች ነው። በዚያው ዓመት ክረምት ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሬጂና የተባለ ሊዘጋ የደረሰ ትንሽ ሲኒማ ቤት ድራኩላንና ፍራንከንስታይንን አንድ ላይ አሳየ፤ ሕዝቡም መንገዱን ሞልቶ ተሰለፈ። ዩኒቨርሳል ይህን አይቶ ሁለቱን ፊልሞች በአገሪቱ አሰራጨ፤ በ1939ም «ሰን ኦቭ ፍራንከንስታይን» ወጣ። ሉጎሲ በዚህ ፊልም አንገቱ በስቅላት የተሰበረውን ኢጎርን ይጫወታል፤ ጺሙ ፊቱን ሸፍኖት፣ ድምፁ ተለውጦ፣ ተንኮለኛና አስቂኝ ሽማግሌ ሆኖ ሲታይ ኮንቱ መሆኑን እስክንረሳ ድረስ ነው። ለእኔ ምርጥ ሥራው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ግን ስቱዲዮው ችግሩን አውቆ ክፍያውን ለመቀነስ ትዕይንቶቹን በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀርጾ ሊያሰናብተው አስቦ ነበር፤ አዘጋጁ ሮላንድ ሊ ነው እምቢ ብሎ ሚናውን እያሰፋ እስከ ቀረጻው መጨረሻ ያቆየው።

ሞኖግራም የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቤተሰብ ያለው፣ አንዴ የተራበ ሰው የቀረበለትን ሥራ ቢቀበል ዋጋውን ሰበረ አልለውም።

---

ቶማስ ዘሜሪላንድ፦

እዚህ አሜሪካ ሠላሳ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ቅላጼ የተባለውን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሰው እንግሊዝኛውን አሳምሮ ቢያውቅም አፉን በከፈተ ቁጥር «ከየት ነህ?» መባሉ አይቀርም፤ በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ደግሞ ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱ ይወሰናል። ሉጎሲ በ1931 የአሜሪካ ዜግነት አግኝቷል፤ በፊልም ግን አንድም ጊዜ አሜሪካዊ ሆኖ አያውቅም ብል ብዙም አልተሳሳትኩም። በሲኒማ የተሰጠው ቦታ የባዕድ አገር ሰው፣ የሚያሰጋ ሰው ነው።

የተቀረው ተወዳጅነቱ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አላነሣም። ሰውየው የሞተው በ1956 ነሐሴ ነው። በቀጣዩ ዓመት ስክሪን ጀምስ የተባለው ኩባንያ የዩኒቨርሳልን 52 የቆዩ ፊልሞች፣ አብዛኞቹ አስፈሪ የሆኑትን፣ ለአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በአንድ ጥቅል አከራየ። በየከተማው በሌሊት ፕሮግራም ሲታዩ አንድ ሙሉ ትውልድ ልጆች ሉጎሲን እንደ አዲስ አገኙት፤ በ1958 ስለ ጭራቆች ብቻ የሚጽፍ መጽሔት ወጣ፤ በ1972 በሕፃናት የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ በሱ ቅላጼ ቁጥር የሚያስተምር አሻንጉሊት ኮንት ተፈጠረ። ካባው፣ ወደኋላ የተላገው ፀጉር፣ አነጋገሩ ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። ለቴሌቪዥን ከተከራዩት ከእነዚያ የቆዩ ፊልሞች ግን ተዋንያኑ ድርሻ የሚያገኙበት ስምምነት አልነበረም። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሰው ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ ማሳያ ሳንቲም አልደረሰውም።

---

ሚኪ ፒያሳ፦

ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታትና ስለ ኤድ ዉድስ? ብዙ ሰው እሱን የሚያውቀው በዚያ ነው።

---

ቶማስ ዘሜሪላንድ፦

በአጭሩ ልንገርህ። ሉጎሲ የእግር ነርቭ ሕመም ነበረበት፤ ለሕመሙ የታዘዘለት ሞርፊን ሱስ ሆነበት። በ1948 ከኮሜዲያኖቹ ከአቦትና ኮስቴሎ ጋር በሠራው አስቂኝ ፊልም ድራኩላን ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ በሙሉ ፊልም ላይ ተጫወተ፤ ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ረሱት ማለት ይቻላል። በ1955 ራሱ ሄዶ በካሊፎርኒያ ኖርዎክ በሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል ለሕክምና ገባ፤ ነገሩንም ለጋዜጠኞች ሳይደብቅ ተናገረ። በዚያ ዘመን አንድ የፊልም ተዋናይ እንዲህ ማድረጉ ያልተለመደ ነበር።

ኤድ ዉድ ገንዘብም ችሎታም ያነሰው አዘጋጅ ነው፤ ሆኖም ሥራ የሰጠው እሱ ነው። «ብራይድ ኦቭ ዘ ሞንስተር» በተባለው የ1955 ፊልም ሉጎሲ ከአገሩ የተባረረ ሳይንቲስት ሆኖ፣ የአገሩ መልእክተኛ ሊመልሰው ሲመጣ አገርም ቤትም እንደሌለው ይናገራል። የፊልሙ መቼት ከካርቶን የተሠራ ይመስላል፤ በዙሪያው ያሉት ተዋንያን ቃላቸውን ለማስታወስ ይታገላሉ። እሱ ግን ያንን ንግግር በቡዳፔስት መድረክ ላይ እንዳለ አድርጎ ይናገረዋል። «ፕላን 9» በተባለው ውስጥ ያለው ከመሞቱ በፊት የተቀረጹ ጥቂት ድምፅ አልባ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው፤ ቀሪውን የተጫወተው ፊቱን በካባ የሸፈነ፣ በቁመትም በመልክም የማይመስለው ሰው ነው።

በ1994 ቲም በርተን ስለ ኤድ ዉድ በሠራው ፊልም ሉጎሲን የተጫወተው ማርቲን ላንዳው በረዳት ተዋናይነት ኦስካር አግኝቷል። በፊልሙ ላይ ሉጎሲ ጸያፍ ተሳዳቢ ሆኖ መቅረቡን ግን ልጁ ተቃውሞታል።

---

የኋላ ወንበር፦

በካባው ነው የተቀበረው መባሉስ? እስከ መቃብር ድረስ ከሚናው መላቀቅ እንዳልፈለገ ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ እሰማለሁ።

---

ጠበቃ ነኝ፦

በካባው መቀበሩ እውነት ነው፤ በኑዛዜ አዞ ነው የሚባለው ግን አይደለም። ልጁ እንደተናገረው ውሳኔው የእሱና የእናቱ፣ የሉጎሲ የቀድሞ ሚስት የሊሊያን ነው።

ወደ ርዕሱ ልመለስና፣ ሁላችሁም የነካካችሁት ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። ከ1960 እስከ 1966 ዩኒቨርሳል የኮንት ድራኩላን መልክ ለአሻንጉሊት፣ ለጭምብልና ለመሳሰለው ሸቀጥ ለሚሠሩ ኩባንያዎች ፈቃድ እየሸጠ ነበር፤ በሸቀጡ ላይ ያለው ፊት የሉጎሲ ነው። ልጁና የመጨረሻ ሚስቱ ከሰሱ። የሥር ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ጉዳዩ በይግባኝ ከተሻረ በኋላ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 የመጨረሻውን ቃል ሰጠ። ተዋናይ በስሙና በመልኩ የመነገድ መብት የግሉ ነው፤ በሕይወት ሳለ ካልተጠቀመበት ለወራሽ አይተላለፍም ተባለ። ዋና ዳኛዋ ሮዝ በርድ ሰፊ የልዩነት ሐሳብ ጽፈዋል።

በ1930 የፈረመው ውል ስሙንና መልኩን ፊልሙን ለማስተዋወቅ እንዲጠቀሙበት ይፈቅዳል፤ ስለ ሸቀጥ አያነሣም። ያኔ ማን ያስበው ነበር?

---

የኋላ ወንበር፦

በሕይወት ሳለ ካልተጠቀመበት የሚለው ትንሽ ይከብዳል። ሥራ ያጣ ሰው ፊቱን በአሻንጉሊት ላይ ለማን ይሸጠዋል? በዚህ ነጥብ ላይ ከወንድም መጋረጃ ጋር እስማማለሁ፤ በሠላሳዎቹ ስለተቀበላቸው ሚናዎች ያለኝን ግን አልለወጥኩም። ለመሆኑ ያ ፍርድ ዛሬም ይሠራል?

---

ጠበቃ ነኝ፦

አይሠራም። ካሊፎርኒያ ከ1985 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አውጥታ የሟች ዝነኛ ስም፣ ድምፅና መልክ ለንግድ ሲውል ወራሾቹ እንዲፈቅዱ አድርጋለች። መጀመሪያ የተሰጠው ጊዜ ከሞት በኋላ 50 ዓመት ነበር፤ በኋላ ወደ 70 ከፍ ብሏል። ሕጉ ከ1985 በፊት የሞቱትንም ስለሚጨምር ሉጎሲ ተጠቃሚ ሆኗል፤ ልጁም ጠበቃ ሆኖ በዚህ ዘርፍ ሠርቷል። ከሞተበት ከ1956 ሲቆጠር ጥበቃው የሚያበቃው በ2026 ነው። ፊልሙ ራሱ ግን የዩኒቨርሳል እንደሆነ ይቆያል፤ የ1931 ሥራ ስለሆነም የቅጂ መብቱ እስከ 2026 መጨረሻ ይዘልቃል።